ለሞተ ሰው ሙቅ ውሃ

ሟቹ በገዛ አልጋው ላይ ተንጋሎ፣ አንሶላ እስከ ደረቱ ተስቦለት፣ የሞተ ሳይሆን ያንቀላፋ ይመስል ነበር። በድንጋይ ካባው ሠራተኞች ዘንድ የሚታወቀው ነጎድጓድ በሚል ቅጽል ስም ነው። ዕድሜውን ሙሉ አለት በድማሚት ሲያፈነዳ የኖረ፣ ትከሻው በር የሚሞላ፣ ሲስቅ የጎረቤት መስኮት የሚያንቀጠቅጥ ሰው ነበር። አሁን ግን በዚያች ጠባብ ክፍል ውስጥ ከአማቱ ሳል በቀር የሚሰማ ድምፅ የለም።

መርማሪዋ ምንም ሳትነካ በሩ ላይ ቆማ ክፍሉን ቃኘች። በፖሊስ ጣቢያው ወንፊት ይሏታል። እጇ የገባ ነገር ደቃቁ ከሻካራው ሳይለይ አይለቀቅማ! ስሙን ያወጡላት ሊያሾፉባት ነበር፤ እሷ ግን ወደደችው። ማሾፉ ስላልሠራላቸው እነሱም ለምደውት ቀሩ።

ጎንበስ ብላ የሟቹን ፊት አየች። ከቅንድቡ ጥቂት ከፍ ብሎ ግንባሩን የሚዞር፣ ጠባብ ነገር ለብዙ ሰዓት ተጭኖት የቆየ የሚመስል ሰርጓዳ መስመር አለ። ዞር ብላ ከበሩ ኋላ ያለውን ምስማር አየች፤ አንድ ጃኬት ተንጠልጥሏል። መደርደሪያው ላይ ቢጫ የሥራ ሄልሜት ተቀምጧል። ከትራሱ ሥር፣ ከአልጋው ሥር፣ ከቁም ሣጥኑ ውስጥ ፈለገች። ያንን መስመር ያወጣ ቆብ ግን የትም የለም።

«ምን ጠፋብዎት?» አለ ከኋላዋ አንድ ደረቅ ድምፅ።

የሟቹ ታላቅ ወንድም ነው። በካባው በር ላይ ድንጋይ የጫኑ መኪኖችን ይመዝናል፤ ሰውንም እንደዚያው ከላይ እስከ ታች የመመዘን አመል አለበት።

«ቆቡ» አለች።

«የወንድሜ ሕይወት ጠፍቶ እርስዎ ቆብ ይፈልጋሉ? ገዳዩን ከፈለጉ ሩቅ አይሂዱ። ገና በቅርቡ ያገባት ሚስቱ ናት። የእናቷን የልብ መድኃኒት አብልታ ደፋችው። ቤቱን ፈልጋ ነው።»

«ስታበላው አይተዋል?»

«ምኑን ነው የማየው? ፈረስ የሚያክል ጤነኛ ሰው ነበር። እሷ ከገባች ወዲህ ነው የሞተው። ሌላ ምን ልይ?»

መርማሪዋ የሟቹን ግንባር አንዴ ደግማ አይታ ወጣች።

በማግስቱ የአስከሬን መርማሪው ሐኪም የወንድምየውን ክስ ደገፈለት ማለት ይቻላል።

«ሁለት ነገር አግኝቻለሁ» አላት መነጽሩን በጋዋኑ ጫፍ እየወለወለ። «አንደኛው ለስንፈተ ወሲብ የሚወሰደው ክኒን ነው። ሆዱም ውስጥ ደሙም ውስጥ አለ፤ ያውም ሐኪም ከሚያዘው መጠን እጅግ የበለጠ። የመንገድ ዳር ክኒን እንዲህ ነው። ሽፋኑ ላይ የተጻፈው ሌላ፣ ውስጡ ያለው ሌላ። ሁለተኛው ግን የልብ ሕመምተኞች ደረታቸውን ሲወጋቸው ከምላሳቸው ሥር የሚያደርጉት መድኃኒት ነው። ሁለቱም የደም ሥር ያሰፋሉ። ሲገናኙ የደም ግፊት ቁልቁል ይወርድና ልብ የሚረጨው ደም ያጣል።»

«ሁለተኛውስ ሆዱ ውስጥ አለ?»

«የለም። ደሙ ውስጥ ብቻ ነው። ከምላስ ሥር ከገባ ሆድ ሳይደርስ ነው ደም ውስጥ የሚዘልቀው።»

«ከአፍ ሌላ መግቢያ የለውም?»

«ቆዳ ላይ የሚለጠፍ ዓይነትም አለ። ገላው ላይ ግን የተለጠፈ ነገር አላየሁም።»

የጣቢያው አዛዥ ይህንን ሲሰማ እጁን አጨበጨበ። «አለቀ በቃ! አማቲቱ የልብ በሽተኛ፣ ሚስቲቱ አዲስ፣ ቤቱ የሟቹ። ከዚህ በላይ ምን ትፈልጊያለሽ? በግድያ እንከሳታለን።»

«ትንሽ ታገሠኝ።»

«እስከ መቼ?»

«ቆቡን እስካገኝ።»

አዛዡ ከልቡ ሳቀ። «እስከ ዓርብ አገኘሽ አገኘሽ። ካላገኘሽ መዝገቡ ወደ ዐቃቤ ሕግ ይሄዳል።»

ሚስትየው በጣቢያው ማቆያ ክፍል ጥግ ላይ ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች። የካባውን ሠራተኞች ቱታ የምትጠግን ልብስ ሰፊ ናት። ሠላሳዎቹን ያጋመሰች ብትሆንም እስሩ በጥቂት ቀን ውስጥ ዕድሜ ጨምሮባታል።

«እንዴት ተዋወቃችሁ?» አለቻት ወንፊት አጠገቧ ቁጢጥ ብላ።

«ኪሱን እየቀደደ ያመጣልኝ ነበር።» ፈገግ ልትል ነበር፤ ግን አልሆነላትም። «አንድ ሰሞን በየሳምንቱ ኪስ ይቀደድበታል። ኪስ ደግሞ እንዲያ አይቀደድም። በምላጭ እንደሚቀደው ገባኝ። ዝም ብዬ ሰፋሁለት።»

«የሞተ ዕለት የሆነውን ንገሪኝ።»

«የሠርግ ዕረፍቱ የመጨረሻ ቀን ነበር። በማግስቱ ሥራ ሊገባ ነው። ታጠበ፤ እራት በላን። ክኒን ሲውጥ አየሁትና ‹ምንድን ነው?› ስለው ‹ቫይታሚን ነው፣ አንቺም ትንሽ ትልቅ ስትሆኚ ታውቂዋለሽ› ብሎ ሳቀብኝ። ትንሽ ቆይቶ ፊቱ ቀላ፤ ቀጥሎ ደግሞ ነጣ። ‹ቤቱ ዞረብኝ፤ አየር ልቀበል› ብሎ ተነሣ። በሩጋ ሳይደርስ ተዘረረ። ጮህኩ። ጎረቤቶች ገብተው አልጋ ላይ አወጡት። ዶክተርን ጠሩልኝ።»

ዶክተር የሚሉት የካባውን ክሊኒክ ጤና ረዳት ነው። እውነተኛ ዶክተር እዚያ አካባቢ ደርሶ ስለማያውቅ ማዕረጉን የሚቀናቀነው የለም።

«ዶክተር መጥቶ ምን አደረገ?»

«ሰዉን ሁሉ አስወጣ። እኔን ‹ሮጠሽ ሙቅ ውሃ አምጪ› አለኝ። ይዤ ስመለስ አንሶላ ስቦለታል። ‹አልቋል፣ አይዞሽ› አለኝ። ውሃው እጄ ላይ ቀረ።»

«ሲገባ ነጎድጓድ በሕይወት ነበር?»

«እሱ ከመምጣቱ በፊት ነው ያለቀው። ደረቱ ላይ ጆሮዬን አድርጌ አዳምጬዋለሁ። ጸጥ ብሎ ነበር።»

ወንፊት ይህቺን ነገር ይዛ ቀረች። ለሞተ ሰው ሙቅ ውሃ ምን ይሠራለታል?

«ሲወድቅ ቆብ አድርጎ ነበር?»

«አዎ፣ የሹራብ ቆቡን። ሰሞኑን ሲተኛም አያወልቀውም። ‹ምን ነካህ?› ስለው ‹ለሥራ እየተዘጋጀሁ ነው› ይለኛል። ሁሌ ስለሚቀልድ ተውኩት።» ሚስትየው ግንባሯን በመዳፏ ዳሰሰች። «ይገርምዎታል፤ የእነሱን ልብስ መጠገን ከጀመርኩ ወዲህ ራሴን ያመኝ ነበር። የእሱን ቆብ ያጠብኩ ቀንማ አልጋ ላይ ነው የሚያውለኝ። ወንድምየው ‹ሥራ ጠልታ ነው› ይለኛል። እዚህ ከገባሁ ግን አንድም ቀን አላመመኝ። ሰው እንዴት እስር ቤት ይሻለዋል?»

መርማሪዋ ጥያቄውን ማስታወሻዋ ላይ አሰፈረችው።

አማቲቱ የመድኃኒት ብልቃጣቸውን በክር አስረው አንገታቸው ላይ አንጠልጥለዋል። ወንፊት ወደ ሟቹ ቤት ገና ስትገባ በሁለት እጃቸው ያዟት።

«ልጄን ልቀቂያት። እኔ ነኝ የገደልኩት። መድኃኒቴን ሻይ ውስጥ አሟሙቼ ሰጠሁት።»

«ለምን ገደሉት፣ እማማ?»

«ጠላሁት።»

«ምኑን ጠሉት?»

አሮጊቷ አሰቡ። የሚጠላ ነገር ፈልገው አጡለት። «ይስቃል» አሉ በመጨረሻ፤ ወዲያው እንባቸው ዱብ ዱብ አለ። «ድሮ የተከራየሁበትን ቤት ጣራ ሊጠግን ወጥቶ ሲንሸራተት እንኳ ይስቅ ነበር።»

የመርማሪዋን አንጀት በሉት። «እማማ፣ ሻይ ውስጥ ቢያደርጉት ሆዱ ውስጥ ይገኝ ነበር። አልተገኘም። ውሸት አይሆንልዎትም፤ ይተዉት።»

«እንግዲያ ማን ነው የገደለው?»

«እሱን ነው የምፈልገው።»

ካባው ተራራ ለሁለት የተገመሰበት ሰፊ ጉድጓድ ነው። ነጭ አቧራ የሰዉን ቅንድብ ሳይቀር ስለሚሸፍነው ወጣቱና ሽማግሌው አይለይም። ድማሚት የሚያጠምዱት ሠራተኞች ከመጋዘኑ ደጃፍ በጥላው ተቀምጠዋል። ወንፊት ስለ ክኒኑ ገና ስትጠይቅ ሁሉም ጫማቸውን ማየት ጀመሩ። ሴት ሆና እንዲህ ያለውን ነገር ፊት ለፊት መጠየቋ ከድማሚቱ ይልቅ ያስፈራቸው ይመስላል። አንዱ ሽንት ቤት ልሂድ ብሎ ተነሣ፤ ሌላው ተከተለው። የቀረው የነጎድጓድ የሥራ ጓደኛ ብቻ ነው። ቀጭን ስለሆነና ቶሎ ስለሚቆጣ ክብሪት ይሉታል።

«ክኒኑን ከማን ትገዛላችሁ?»

«የምን ክኒን?»

«ለሚስቶቻችሁ ‹ቫይታሚን› የምትሉትን።»

ክብሪትን ሳል ያዘው። «እኔ አልወስድም።»

«ሌላውስ?»

«ሌላውማ… ይኸው ተነሥቶ ሄደ አይደል?» ዙሪያውን ገላምጦ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ከዶክተር ነው። ከየት እንደሚያመጣው አይናገርም። ሳጥኑ ላይ ያለው ጽሑፍ የማን አገር ቋንቋ እንደሆነም እንጃ።»

«ሐኪም ቤት ሄዳችሁ ለምን አትመረመሩም?»

«ሄጄ ምን ልበል፣ እህቴ? ወረፋው ላይ ያለው ግማሹ ጎረቤቴ ነው። ካርድ የምታወጣዋ የሚስቴ የአክስት ልጅ ናት። ከዚያማ ሞት ይሻላል!» ያለው ነገር ለራሱ ጆሮ ሲሰማው ደንግጦ ነገሩን በቀልድ ለማለፍ ሞከረ። «ዶክተር ደግሞ ተጫዋች ነው። ክኒኑን ሲሰጠን ‹ዛሬ ቆብህን አውልቅ፤ እመቤት ፊት በቆብ አይገባም› ይለናል። ነጎድጓድ ይቺን ሲሰማ መሬት ላይ ተንከባሎ ነው የሳቀው።»

«ከድሮ ጀምሮ ነው እንዲህ የሚላችሁ?»

«ኧረ በቅርብ ያመጣት ቀልድ ናት። አብሮን የሚሠራው አለት ቀዳጅ ከወደቀ ወዲህ። ሰውየው ቸኩሎ እዚያው ክሊኒኩ ውስጥ ዋጠና ጥቂት ሲጫወት ቆይቶ በሩን ሳይሻገር ተዘረረ። ዶክተር መጀመሪያ ቆቡን ገፎ ወረወረ፤ ቀጥሎ እግሩን ከፍ አድርጎ ያዘው። ነቃ። ‹ቤትህ ሳትደርስ ጨረስክ› እያልን ስንት ቀን ሳቅንበት!»

ወንፊት አልሳቀችም። «እስቲ ቆብህን አሳየኝ።»

ክብሪት አመነታ፤ ከዚያ ከሄልሜቱ ሥር የሹራብ ቆቡን መዥረጥ አድርጎ ሰጣት። ከታጠፈው ጠርዝ ውስጥ ቅባት የጠጣች ቁራጭ ወረቀት ወጣች።

«ይቺ ምንድን ናት?»

«የድማሚት መጠቅለያ ናት። ድማሚት መንካት የጀመረ ሰው መጀመሪያ ራሱ ሊፈነዳ ይደርሳል። ኋላ ገላው ይለምደዋል። ዕረፍት ወጥቶ ሲመለስ ግን ልማዱ ይለቀውና ሕመሙ እንደ አዲስ ይነሣበታል። ስለዚህ ሥራ ልንገባ ስንል ይቺን ቆባችን ውስጥ ሸጎጥ እናደርጋለን። ገላ እንዳይረሳ ነው።»

«ማን አስተማራችሁ?»

«የቀደሙን። እነሱን ደግሞ የቀደሟቸው።»

ወረቀቷን በእጇ እንደያዘች ብዙ ቆየች። ከዚያ በፌስታል ጠቅልላ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተቻት። ክሊኒኩ ስትደርስ በመዶሻ የሚመቷት ያህል ራሷን ያማት ጀመር።

ጤና ረዳቱ ፊቱ ለስላሳ፣ ነጭ ጋዋኑ እጥፋቱ ያልጠፋ ሰው ነው። ሕፃን ሲከትብ የሚዘፍን፣ ሽማግሌ ሲታመም ቤቱ ድረስ የሚሄድ፣ ክፉ የሚናገርበት የሌለ ሰው። ወንበር ጠርጎ አስቀመጣት።

«ስደርስ ሞቶ ነበር። ሸፈንኩት፤ ሌላ የሠራሁት ነገር የለም» አላት።

«ሙቅ ውሃውስ?»

«ሴትየዋን ለማረጋጋት ነው። የደነገጠ ሰው ሥራ ካልሰጡት ያብዳል።»

መልሱ ጥሩ ነው፤ ጥሩነቱ ራሱ አልጣማትም። «ቆብ አድርጎ ነበር?»

«አላስታውስም» አለ ፈጠን ብሎ። ዓይኑ ግን ሳያስበው ወደ ጥጉ ሄዶ ተመለሰ። ጥጉ ላይ ያገለገሉ መርፌዎች የሚጣሉባቸው የካርቶን ሣጥኖች ተደርድረዋል። ሁሉም አፋቸው ክፍት ነው፤ አንዱ ብቻ በፕላስተር ተደጋግሞ ተጠቅልሏል። ወንፊት ስለ ራስ ምታት መድኃኒት ጠየቀችው፤ ሰጣት፤ አመሰገነችው። ወጥታ በሩ ላይ አንድ ፖሊስ አቆመች። ከዚያ ለአስከሬን መርማሪው ሐኪም ደውላ አንድ ጥያቄ ጠየቀችው። መልሱን ስትሰማ ግንባሯን ይዛ ደረጃው ላይ ተቀመጠች።

ዓርብ ጠዋት ሁሉም በካባው የምሳ አዳራሽ ተሰበሰቡ። የቆርቆሮው ጣራ ከወዲሁ መጋል ጀምሯል። ሚስትየው በካቴና ከፊት ተቀመጠች፤ እናቷ ከጎኗ። ወንድምየው ሆን ብሎ ጀርባውን ሰጥቷቸዋል። ክብሪትና የድማሚት ሠራተኞቹ ከኋላ፣ የካባው ሥራ አስኪያጅ ከአዛዡ ጎን፣ ጤና ረዳቱ እጁን አጣምሮ ከመስኮቱ ሥር።

«ነጎድጓድን የገደሉት ሁለት ነገሮች ናቸው» አለች ወንፊት። «አንደኛውን በገዛ እጁ ዋጠው። ቫይታሚን አይደለም። ለስንፈተ ወሲብ የሚወሰድ ክኒን ነው፤ ያውም ምን ያህል እንደያዘ ማንም የማያውቀው የኮንትሮባንድ ክኒን።»

አዳራሹ ውስጥ ወንበር ተንቋቋ። ሚስትየው ቀና አለች።

«ለምን?» አለች። «እኔ እኮ ጠይቄው አላውቅም።»

ወንዶቹ ሁሉ መሬት መሬት አዩ።

«ሁለተኛው» ቀጠለች መርማሪዋ «የልብ መድኃኒት የሚሠራበት ቅመም ነው። ስለዚህ ሁላችንም እማማን አየን። ግን አንድ ነገር አልገጥም አለኝ። ያ ሁሉ ትከሻ ያለው ሰው፣ ነቅቶ እያለ፣ የሰው መድኃኒት ከምላሱ ሥር አድርገውበት ዝም ይላል? ታግሎ እንኳ ቢሆን ጭረት ይኖር ነበር። የለም። ሻይ ውስጥ ተደርጎ ቢሆን ሆዱ ውስጥ ይገኝ ነበር። አልተገኘም። በአፉ ካልገባ በምን ገባ? በቆዳው።»

«ገላው ላይ የተለጠፈ ነገር የለም ተብሏል» አለ አዛዡ።

«ገላውን ያየነው የነበረበት ነገር ከተነሣ በኋላ ነው። ግንባሩ ላይ የቆብ መስመር ነበር፤ ቆቡ ግን አልነበረም። ሚስቱ ሲወድቅ ቆብ አድርጎ ነበር ትላለች። የልብስ ሰፊዋ ራስ ምታት ደግሞ የእነዚህን ሰዎች ልብስ ስትነካ የሚነሣ፣ እስር ቤት ስትገባ የሚለቅ ነው። እኔም የክብሪትን ወረቀት ይዤ ግማሽ ቀን ሳይሞላ ራሴ ሊፈነዳ ነበር። ሐኪሙን ‹ድማሚት ውስጥ ያለው ምንድን ነው?› ብዬ ጠየቅኩት። ምን አለኝ መሰላችሁ? ያው የልብ መድኃኒቱ ነው አለኝ። አለት የሚንደውና እማማ ከምላሳቸው ሥር የሚያደርጉት አንድ ነገር ነው።»

ክብሪት ሳይታወቀው እጁን ወደ ሄልሜቱ ሰደደ።

«ነጎድጓድ ለሠርጉ ዕረፍት ወጥቶ ልማዱ ለቆታል። ሥራ ሊገባ ሲል እንደናንተ ወረቀቷን ቆቡ ውስጥ ሸጎጠ። ወበቅ ነበር፤ ላበው። የመጨረሻውን የዕረፍት ቀን ሊደሰት ክኒኑን ዋጠ። ሁለቱ ደሙ ውስጥ ተገናኙ።»

«ታዲያ ገዳይ የለም ማለት ነው?» አለ ሥራ አስኪያጁ እፎይ በሚል ድምፅ።

«ቆይ። ቆቡ በእግሩ አልሄደም። ሰዉን ከክፍሉ ያስወጣ፣ ሚስቱን ለሙቅ ውሃ የላከ፣ ከሬሳው ጋር ብቻውን የቀረ አንድ ሰው ነው። ይህ ሰው ቆብ ውስጥ ያለው ምን እንደሆነ ያውቃል። አለት ቀዳጁ ሲወድቅ ከትንፋሹ በፊት ያየው ቆቡን ነው። የሚያውቅ ሰው ደግሞ እንዲህ ያለውን ቆብ እሳት ውስጥ አይጨምርም፤ እንዳይፈነዳ ይፈራል። ማንም እጁን የማይከትበት ቦታ ነው የሚደብቀው።» ከጠረጴዛው ሥር በፕላስተር የተጠቀለለውን ሣጥን አወጣች። ክዳኑ በፍርድ ቤት ትእዛዝ ተቀድዷል። ከመርፌዎቹ መሀል በፌስታል የታሰረ ግራጫ የሹራብ ቆብ ይታያል። ሚስትየው ስታየው ከወንበሯ ብድግ አለች።

ሁሉም ወደ መስኮቱ ዞሩ። የጤና ረዳቱ ፊት አመድ መሰለ።

«ነግሬዋለሁ!» አለ። «ለሁላቸውም ነግሬያቸዋለሁ! ‹ቆብህን አውልቅ› ብዬዋለሁ!»

«ቀልደህበታል እንጂ አልነገርከውም» አለች ወንፊት። «በደንብ ብትነግረው ‹ለምን?› ይልሃል። ለምን ካለ ደግሞ ክኒኑ ይገድላል ማለትህ ነው፤ ገበያህ ይዘጋል። እውነቱን በቀልድ ጠቅልለህ ሰጠኸው፤ እሱም ስቆበት ሄደ። ከሞተ በኋላ እንኳ አፍህን ብትከፍት ይቺ ሴት አትታሰርም ነበር።»

«እኔ ካልሸጥኩላቸው ከሌላ ይገዛሉ» አለ ድምፁ እየሟሸሸ። «ቢያንስ እኔ ‹አውልቁ› እላቸዋለሁ።»

አዛዡ ካቴናውን ከሚስትየው እጅ ፈትቶ በጤና ረዳቱ እጅ ላይ አሰረ። ክሱ ሕገወጥ መድኃኒት መሸጥና ማስረጃ መደበቅ ነው። ሆን ብሎ በመግደል የሚያስጠይቀው ማስረጃ እንደሌለ ወንፊትም አዛዡም ያውቃሉ። ሥራ አስኪያጁ ድማሚት ለሚነኩት ሠራተኞች የእጅ ጓንት በቅርቡ እንደሚገዛ ተናገረ። ከኋላ አንድ ሰው ጉሮሮውን ጠረገ፤ ጓንቱ «በቅርቡ» ሲባል የኖረ ስለሆነ ያመነው አልነበረም።

ወንድምየው ተነሥቶ ባርኔጣውን አጠለቀ። ወንፊት ይቅርታ የሚጠይቅ መስሏት ጠበቀች።

«ያም ሆነ ይህ» አለ ሚስትየውን ሳያያት «እሷን ባያገባ ክኒኑን አይውጥም ነበር። የቤቱን ቁልፍ ለውጫለሁ።» ብሎ ወጣ።

መርማሪዋ ባዶ ካርቶን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። «ስማችሁን አልጠይቅም» አለች ለወንዶቹ። «ፊቴን አዙሬ እቆማለሁ። ክኒንም ወረቀትም ያለው እዚህ ይጣል። ሐኪም ቤት በስውር የሚያያችሁ ሰው እፈልግላችኋለሁ። እባካችሁ።»

ወደ ግድግዳው ዞረች። ወንበሮች ተንቀሳቀሱ፤ የብዙ ጫማ ኮቴ ተሰማ፤ በሩ ተከፍቶ ተዘጋ። ስትዞር አዳራሹ ባዶ ነው። ካርቶኑም ባዶ ነው። ክብሪት ብቻ በሩ ላይ ቆሟል።

«እህቴ፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ» አላት አንገቱን እያከከ። «ሁለቱ አንድ ላይ ነው አይደል ክፋቱ? እንግዲህ ወረቀቷን አንተዋትም፤ ሥራችን ናት። ክኒኑን ደግሞ…» ወደ ኋላው ገላመጠ። «ዶክተርን ከወሰዳችሁት፣ ሌላ የሚሸጥ ሰው ታውቂያለሽ?»

ከጉድጓዱ የማፈንጃው ደወል ተደወለ። ክብሪት ቆቡን እስከ ቅንድቡ ስቦ፣ ሄልሜቱን ደፍቶ ሮጠ።

ሚስትየው ከእናቷ ጋር በካባው በር ላይ መኪና ትጠብቃለች። ያላት አንድ ፌስታል ብቻ ነው። ወደየት እንደሚሄዱ ወንፊት ልትጠይቅ ፈለገችና ፈራች።

«ቆቡን ይሰጡኛል?» አለቻት ሚስትየው። «ሌላው ነገሩ ሁሉ ቤቱ ውስጥ ተቆልፎበታል። የእሱ ጠረን ያለው ያ ብቻ ነው።»

«ኤግዚቢት ነው፣ እህቴ። ባይሆንም አልሰጥሽም። መርዝ ነው፤ ያሳምምሻል።»

ከኋላቸው መሬቱ አንዴ ተንቀጠቀጠ፤ ነጭ አቧራ ወደ ሰማይ ወጣ። ሚስትየው ድምፁ እስኪያልፍ ጠበቀች። እጇን እንደዘረጋች ነው።

«ግድ የለም» አለች። «ራስ ምታቱን ለምጄው ነበር።»